ግማሹን ብቻ የሚያነብ ሰው

ዶሮን የሚባል አለቃ ነበረኝ። ይህን ስጽፍ ስለ እሱ አንድ ደግ ነገር ለማስታወስ ከልቤ ሞክሬ ነበር። የመጣልኝ ነገር ቢኖር ሸሚዙ ሁልጊዜ በደንብ የተተኮሰ መሆኑ ነው። ሸሚዙን የሚተኩሰውም እሱ አይመስለኝም።

የምንሠራው እስራኤል ውስጥ፣ ርሆቮትና ኔስ ጽዮና የሚባሉ ከተሞች በሚዋሰኑበት በቂርያት ቫይዝማን ነበር። ድርጅታችን ትንሽ ነው፤ ለመድኃኒት ቤቶችና ለክሊኒኮች የፍሪጅ ሙቀት መቆጣጠሪያ ይሠራል። መሣሪያው የሳሙና ሣጥን ያህላል። ከፍሪጁ ውጭ ይለጠፋል፤ ከእሱ የሚወጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር የተቀመጠበት ትንሽ ቦርድ አለ፤ እሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ክትባቱና ኢንሱሊኑ ያለበት ሙቀት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ከሆነ መሣሪያው አረንጓዴ ያበራል፤ ካለፈ ቀይ አብርቶ ይጮሃል። ሥራው ይኸው ነው። ግድግዳችን ላይ ግን «ሕይወት እናድናለን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ይላል። ቤተሰብ መሆናችን የሚታወቀው ኬክ በሚቆረስበት ቀንና ጥፋተኛ በሚፈለግበት ቀን ብቻ ነበር።

እኔ ያኔ ሠላሳን የተሻገርኩ፣ ከዲግሪዬ ይልቅ በምላሴ የምታወቅ መሐንዲስ ነበርኩ። ስሜ ስንዱ ነው። መሥሪያ ቤት ሲጋል ይሉኛል፤ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት አስተማሪዋ «ስንዱ» ማለት ከብዷት የለጠፈችብኝ ስም ነው። በዚያን ጊዜ የማልንቀው ነገር አልነበረም። ስብሰባ እንቅ ነበር። «ሐሳብሽን አካፍይን» የሚሉ ሰዎችን እንቅ ነበር። የሰፈሬን ሰዎችም ከዚህ አልማርኳቸውም። ቂርያት ሞሼ ውስጥ ሳልፍ «ኢንጂነራችን» ብለው አስቁመው የተበላሸ የቴሌቪዥን ሪሞት ያቀብሉኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አለቃ ፊት ሲቆሙ ዓይናቸውን መሬት ላይ የሚተክሉትን ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር።

ከእነዚህ አንዷ እትዬ እማዋይሽ ነበሩ። ስድሳን የተጠጉ፣ ቁጥብ፣ እኛ ሕንጻ አጠገብ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ከጎንደር ገጠር ከመጡት ወገን ሲሆኑ፣ በድርጅቱ መገጣጠሚያ ክፍል ሴንሰሩን በቀለጠ ቆርቆሮ ትንሹ ቦርድ ላይ የሚበይዱት እሳቸው ነበሩ። ዶሮን «ኢማ» ይላቸዋል። በዕብራይስጥ እማዬ ማለት ነው። ስማቸውን እስከ መጨረሻው ለመጥራት ስለሰነፈ እንጂ ፍቅር ይዞት አይደለም።

እንግዲህ አንድ እሑድ ጠዋት፣ በዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት መሣሪያ ተመለሰ። ፋርማሲስቷ ፍሪጁን ስትከፍት ቅዝቃዜው አላማራትም፤ ያረጀ የመስታወት ቴርሞሜትር ጨምራ ብታይ አሥራ ሁለት ዲግሪ ይላል። የኛ መሣሪያ ስድስት ብሎ በኩራት አረንጓዴውን አብርቷል። እሷ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለመጣል ተገደደች፤ ለእኛም ደውላ የልቧን ተናገረች።

ዶሮን ነገሩን ለመመርመር የፈጀበት ጊዜ አንድ ሲኒ ቡና ከሚያልቅበት ያነሰ ነበር። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ደህና ናቸው፤ የተበላሸው አዲሱ ሴንሰር የገባበት ነው፤ አዲሱን ሴንሰር ሁሉ የበየዱት እትዬ እማዋይሽ ናቸው፤ ስለዚህ ብየዳ ነው አለ። አዲሱን ሴንሰር ከማን እንደገዛን፣ ለምን እንደገዛን፣ ማን ገዝቶ ማን እንዳጸደቀው አልጠየቀም። ቦርዱን አንጠልጥሎ መገጣጠሚያ ክፍል ገባ፤ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ እትዬ እማዋይሽን አስነሥቶ «ይህ ያንቺ ሥራ ነው?» አላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው «ኬን» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። ሥራው በእርግጥ የሳቸው ስለሆነ።

ከክፍሉ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየው ወደነበርኩት ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየሽ? ዓይኔን እንኳን ማየት አልቻለችም» አለኝ።

እሮብ ሺሙዓ ተቀጠረላቸው። በዚህ አገር ሠራተኛ ከማባረር በፊት ሰሚ ጆሮ መስጠት ግዴታ ነው፤ ሺሙዓ የሚሉት ይህንን ነው። ጠርተው ያስቀምጡሃል፣ ውኃ ይሰጡሃል፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡሃል፣ ከዚያ ቀድመው የወሰኑትን ይነግሩሃል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ኦርና ጠርታኝ እንዳስተረጉም አዘዘችኝ። መሐንዲስ ነኝ ብላት «አማርኛ ትችያለሽ አይደል?» አለች፤ ቡና ማፍላት ትችያለሽ አይደል እንደማለት። እትዬ እማዋይሽ ቢባረሩ በዚያ ዕድሜ ሌላ ሥራ ማግኘታቸው ዘበት ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ መድኃኒት አበላሸች የሚል ስም ተለጥፎባቸው ሰፈር መግባታቸው ነው። እኛ ሰፈር ወሬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ሰኞ ዕለት የተመለሰውን መሣሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ባትሪ ከተትኩበት። የክፍሉ ሙቀት ሃያ አራት ነው፤ መሣሪያው አሥራ ሁለት አለ። ሴንሰሩን በጣቶቼ መሃል ያዝኩት። የሰው ጣት ሠላሳ አራት ገደማ ይሞቃል፤ መሣሪያው አሥራ ሰባት አለ። ሁለቴም ልክ ግማሹን። ከወንበሬ ተነሣሁ። የተበላሸ ብየዳ አውቃለሁ፤ አንዴ ሰማንያ ይላል፣ አንዴ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል። የሰው እጅ ሲያበላሽ እንዲህ ተጠንቅቆ ለሁለት አይካፍልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ካልገባችሁ ዶሮንን በሚገባው ልክ መናቅ አትችሉም።

የመሣሪያው አንጎል ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ቺፕ ነው። ከሴንሰሩ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ነው። በአንዱ «አንተን ነው የማናግረው» ይለዋል፤ ያልተጠራ ቺፕ ዝም ይላል። በሌላው ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል። የቀረው መስመር ክሎክ ይባላል፤ ምት ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ምቱን የሚመታው ማይክሮኮንትሮለሩ ብቻ ነው፤ ሴንሰሩ በራሱ ጊዜ አይናገርም። በእያንዳንዱ ምት ሴንሰሩ አንድ ቢት፣ ማለትም አንድ ዜሮ ወይም አንድ «አንድ»፣ መስመሩ ላይ ያወጣል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ያነሳዋል። ከትልቁ ቢት ተጀምሮ ወደ ትንሹ ይወረዳል፤ ሁሉም ሲሰለፉ ቁጥር ይሆናሉ።

ጣጣው ያለው መቼ ይነሳል በሚለው ላይ ነው። አንድ ምት ሁለት ጠርዝ አለው፤ የሚወጣበትና የሚወርድበት። አንዳንድ ሴንሰር፣ የኛ የድሮው ጭምር፣ ገና ሲጠራ የመጀመሪያውን ቢት አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ምቱ ሲወጣ ብታነሱት ታገኙታላችሁ። ሌላው ግን ቢቱን ማውጣት የሚጀምረው ገና ምቱ ሲወጣ ነው፤ ከእሱ ማንሳት ያለባችሁ ምቱ ሲወርድ ነው። ጡብ የሚቀባበሉ ሰዎችን አስቡ። አቀባዩ ገና ጎንበስ ሲል እጁን ጨብጦ የሚዞር ሰው አየር ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሴንሰር ምቱ ሲወጣ ካነበባችሁት መጀመሪያ የምታገኙት ባዶ ዜሮ ነው። እውነተኞቹ ቢቶች ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ የመጨረሻው ውጭ ይቀራል። በቺፕ ቋንቋ ደግሞ አንድ ቦታ ወደ ኋላ መገፋት ለሁለት መካፈል ነው። አሥራ ሁለት ስድስት ይሆናል፣ የተበላሸ መድኃኒት ደህና ይሆናል።

መስመሮቹን መለኪያ ላይ ሰክቼ በስክሪን አየኋቸው። እውነትም ምቱ ሲወጣ ሴንሰሩ ገና አፉን እየከፈተ ነው፤ የኛ ኮድ ግን አንስቶ ሄዷል። የአዲሱ ሴንሰር መመሪያ ይህንን በሥዕል ሳይቀር ያሳያል። ሥዕሉ ያለው ወደ መጨረሻው ገጽ ስለሆነ ዶሮን አልደረሰበትም። ድርጅቱ ይህንን ሴንሰር የገዛው ስለረከሰ ነበር፤ ዶሮን የመመሪያውን መጀመሪያ ገለጥ አድርጎ «ያው ነው» ብሎ ያጸደቀው ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ሴንሰሩን የሚያነበውን ኮድ የጻፈው እሱ ነው፤ ማንም እንዳይነካው የከለከለውም እሱ ነው። ፍተሻችን ለምን አልያዘውም ትሉኝ ይሆናል። የመፈተሻ ፍሪጃችን ሁልጊዜ አምስት ዲግሪ ላይ ነው፤ የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል፤ አረንጓዴ። ፈተናውን ያወጣውም እሱው ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ገብቼ ነገርኩት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ አዳመጠኝ፤ ማዳመጥ ከተባለ። ኮዱ ለረጅም ጊዜ ያለ አንድ ቅሬታ መሥራቱን፣ ለደንበኛዋም የሠራተኛ ስህተት መሆኑን አስቀድሞ እንደነገራት፣ ስለዚህ የኔን «አስደሳች ግኝት» ከሺሙዓው በኋላ በእርጋታ እንደምናየው ገለጸልኝ። ከሺሙዓው በኋላ። ሰውዬውን ከቀበርን በኋላ ሐኪም እንጠራለን እንደማለት ነው። ደሜ ፈላ፤ ግን እሮብ ዕለት ለማስተርጎም ሺሙዓው ላይ እንደምገኝ ትዝ ሲለኝ ክርክሬን ለዚያ አቆይቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ እትዬ እማዋይሽን ወደ ሥራ ስንሄድ አውቶቡስ ላይ አገኘኋቸው። ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ፣ ማስረጃም እንዳለኝ ነግሬ፣ እሮብ ዕለት ቀና ብለው የዶሮንን ዓይን እያዩ «እኔ አላጠፋሁም» ብቻ እንዲሉ አስጠነቀቅኋቸው። ቃሉን በዕብራይስጥም አስጠናኋቸው። «ቤሰደር ልጄ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። እኔም የተማርኩት ትምህርት ለወገን ደረሰ ብዬ የልብ ልብ ተሰማኝ።

እሮብ ጠዋት ዶሮን ኮሪደር ላይ ሲጠብቀኝ ጥርሱ በሙሉ ይታይ ነበር።

«ያንቺ ሰዎች ትናንት ቤቴ መጡ» አለኝ።

ቤቱ ቤኤር ያዕቆብ ነው፣ አዲስ ከተሠሩት ሕንጻዎች በአንዱ። ማምሻውን በር ሲንኳኳ ቢከፍት፣ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። ትልቁ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱትና ስለ እማዋይሽ ይቅርታ ጠየቁት፤ «ስሊሃ» እያሉ፣ ደጋግመው። እሱም «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ሻሎም» ብሎ በሩን ዘጋ። ይህንን ሲነግረኝ የሽማግሌውን አጎነባበስ ሳይቀር አሳየኝ። ከዚያ፣ «ራሳቸው አምነዋል። ሺሙዓው አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ወደ መገጣጠሚያ ክፍል ሮጥኩ። እትዬ እማዋይሽ የሥራ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ነበር።

«እትዬ እማዋይሽ፣ ሽማግሌ ላኩ እንዴ?»

«ላክሁ። አባ ፈረደንና ወንድማቸውን።»

«ምን እንዲሉ?»

«ሽማግሌ ምን ይላል ልጄ? መጀመሪያ ይቅርታ ይላል።»

«ምንም ሳያጠፉ?»

«ሽማግሌ የሚላከው ላጠፋ ብቻ አይዶለም፤ ጠብ ሲኖር ነው» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው። «ይቅርታ ተብሎ ይገባል። ባለቤቱ ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ ይላል። ከተቀመጡ ወዲያ ነው ነገሩ የሚነሣ፤ በዳይና ተበዳይም የሚለየው ያኔ ነው። ይሄ ግን አላስቀመጣቸውም። አባ ፈረደን የሚያህል ሰው በር ላይ አቁሞ መለሳቸው።»

እኔ ግን የአባ ፈረደ ክብር አልታየኝም። የታየኝ የሁለት ቀን ሥራዬ ገደል መግባቱ ነበር። «ይህ ጎንደር አይደለም» አልኳቸው። ደግሜም አልኳቸው። እሳቸው የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፉ።

ደረጃውን እየወጣሁ ሳለ ነገሩ በድንገት ገባኝና ቆምኩ። የሽማግሌ ንግግር የመጀመሪያው ምት ባዶ ነው፤ መግቢያ ነው፤ ቁም ነገሩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንን ባገራችን ሕፃን ያውቀዋል። ዶሮን ግን መግቢያዋን አንስቶ፣ ሌላው ገና ሳይነገር በሩን ዘግቶ ሄደ። ሰውዬው ቺፑን በሚያነብበት መንገድ ነው ሰውንም የሚያነበው። ሳቄ መጣ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

ሺሙዓው የተደረገው ግድግዳው መስታወት በሆነው ክፍል ነበር። ኦርና፣ ዶሮን፣ እትዬ እማዋይሽና እኔ። ኦርና ድምፅዋን አለስልሳ ይህ የእትዬ እማዋይሽ ጊዜ መሆኑን ነግራ፣ ነፃ ሆነው እንዲናገሩ ጋበዘች። ወዲያው ግን ቃሉን ለዶሮን ሰጠችው። ዶሮን ስለ ብየዳው፣ ስለ ፋርማሲስቷ፣ ስለ ሕይወት ማዳን ተናገረ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን አመጣ።

ኦርና ወደ እሳቸው ዞረች። «እውነት ነው? ሰዎችሽ ቤቱ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል?»

ተረጎምኩላቸው። እትዬ እማዋይሽ ምንም ሳያመነቱ፣ «እውነት ነው» አሉ።

ለአንድ አፍታ መዋሸት አምሮኝ ነበር። ግን አንድ ቃል ሳልጨምር «እውነት ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ዶሮን ወንበሩ ላይ ተንጋለለ።

«የአስተርጓሚዋ ሥራ አለቀ» አልኩ። «አሁን መሐንዲሷ ትናገር።»

ኦርና ቦታው እንዳልሆነ ነገረችኝ። እኔም በድርጅቱ ውስጥ ማስረጃ ያላት መሐንዲስ ለመናገር ጠይቃ መከልከሏ በቃለ ጉባኤው ይግባልኝ አልኳት። ኦርና በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር የሥራ ፍርድ ቤት ነው። «አጭር ይሁን» አለች።

የተመለሰውን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ ሴንሰሩን ለዶሮን አቀበልኩትና በጣቶቹ እንዲይዘው ጠየቅሁት። ኦርና እያየችው ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። መሣሪያው ትንሽ ቆይቶ ቀይ አብርቶ ጮኸ። አሥራ ሰባት ዲግሪ።

«በራስህ ኮድ መሠረት ከሞትክ ቆይተሃል» አልኩት።

ኦርና ሳታስበው ሳቀች፤ ቶሎም አፏን ያዘች። ዶሮን፣ «እኛስ ያልነው ይህንኑ አይደል? እሷ የበየደችው ቦርድ ተበላሽቷል ነው ያልነው» አለ። ይህንን እንዲልልኝ ስጠብቅ ነበር። ሴንሰሩን የሚሸጠው ፋብሪካ ለናሙና የላከልንን፣ እዚያው በፋብሪካው የተበየደ፣ እስከዚያች ደቂቃ ከነማሸጊያው የነበረ ቦርድ አወጣሁ። ማሸጊያውን ኦርና እንድትቀድደው ሰጠኋት። የእትዬ እማዋይሽን ቦርድ ነቅዬ እሱን ሰካሁና ለዶሮን መልሼ አስያዝኩት። አሥራ ሰባት። ከዚያ ላፕቶፔን አገናኝቼ በኮዱ ውስጥ አንዲት ነገር ለወጥኩ፤ ምቱ ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ እንዲያነብ። በሳቸው ቦርድ፣ ሠላሳ አራት። በፋብሪካው ቦርድ፣ ሠላሳ አራት።

የዶሮን ፊት ቲማቲም መሰለ። ኦርና ቀስ ብላ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሴንሰሩ እውነቱን ይናገራል። ዶሮን ግን መናገር ሳይጀምር አንስቶ ይሄዳል» አልኳት። «ትናንት ማታ ሽማግሌዎቹንም ያነበባቸው እንዲሁ ነው።» ይቅርታው መግቢያ መሆኑን፣ ነገሩ የሚነገረው ከተቀመጡ በኋላ መሆኑን፣ እሱ ግን በር ላይ እንደመለሳቸው አስረዳኋት።  ኦርና ሺሙዓው መዘጋቱን፣ እትዬ እማዋይሽ ወደ ሥራቸው መመለስ እንደሚችሉ አስታወቀች።

ዶሮን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጥሩ ነው፣ አገኘነው። ያላ፣ ወደ ሥራ» አለ። ያገኘነው እኔና እሱ ነን ማለት ነው።

ሁሉንም ለእትዬ እማዋይሽ ተረጎምኩላቸው። ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር፤ አልዋሽም። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ጥፋቱ የኔ አይዶለም ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ያቆመኝ ሴቶቹ ፊት ነው። እዚያው ይበለው» አሉ።

ይህንን ስተረጉም እንዴት እንደጣፈጠኝ አልነግራችሁም። ዶሮን ተነፈሰ፣ ሰዓቱን አየ፣ ኦርናን አየ። ኦርና በሩን ከፈተችለት። መገጣጠሚያ ክፍል ገብቶ፣ ሁሉም እጃቸውን ከሥራ አንስተው እያዩት፣ ስህተቱ የኮድ እንጂ የብየዳ አለመሆኑን አጉተመተመ። ያን ጊዜ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለው እሱ ነበር። በስማቸው እንዲጠራቸውም ጠበቅሁ፤ «ኢማ» ነው ያለው።

እትዬ እማዋይሽ አዳምጠውት ሲጨርሱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱት። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ አጠፉትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ስንዱ ልጄ፣ ንገሪልኝ። ሥራውን ሌላ ሰው ይያዘው።»

የሰማሁት አልገባኝም። «እትዬ እማዋይሽ፣ አለቀ እኮ! አላባረሩዎትም፤ ሥራዎ የርስዎ ነው።»

«ገብቶኛል» አሉ። «አባ ፈረደም ሊሉት የሄዱት ይሄንኑ ነበር። እማዋይሽ ሥራውን ትተዋለች፤ በሰው ፊት ካዋረዳት ሰው ዘንድ አትቀመጥም፤ ስሟን ብቻ መልስላትና በሰላም ተለያዩ ሊሉት። ቢያስቀምጣቸው ኖሮ ትናንት ባለቀ ነበር። አንችም ባልደከምሽ።»

 ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ምን ሊሉ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም ነበር። ሥራቸውን ሊለምኑ መሆኑ እርግጠኛ ስለነበርኩ ለመጠየቅ እንኳን አላሰብኩም። እኔ ስዋጋ የዋልኩት እሳቸው አስቀድመው ለተዉት ሥራ ነበር። ያን ዕለት በዚያ ሕንጻ ውስጥ ግማሹን ብቻ ያነበበው ዶሮን ብቻ አልነበረም፤ ይህንን መጻፍ ደግሞ ምንም አይጣፍጠኝም። ሴቶቹ እየተነሱ ሳሟቸው። እኔ ለዶሮን ተረጎምኩለት፤ እሱም «ቤሰደር» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። መሣሪያዎቹ ተሰብስበው ኮዱ ተስተካከለ፤ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ዶሮን ስለ «ከስህተት መማር» ለመላው ሠራተኛ ገለጻ ሰጠ፤ የመለኪያዬን ሥዕል ግድግዳ ላይ አሳየ፣ የማን እንደሆነ ለመናገር ጊዜ አልበቃውም። ብዙም ሳይቆይ በሹመት አንድ ፎቅ ወደ ላይ ወጣ። እትዬ እማዋይሽ ቂርያት ዔቅሮን በሚባል ከተማ ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ሥራ አገኙ። ስንገናኝ አንገቴን አቅፈው ስመው ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፤ ስለዚያ እሮብ አንስተው አያውቁም።

የተለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ግን አትጠብቁ። ድሮ አንድ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ጤናሽ፣ እናትሽ፣ ሥራሽ እያለ ሲጀምረኝ «ምን ፈልገው ነው?» እል ነበር። አሁን እጠብቃለሁ። ሰላምታው ያልቃል፣ ስለ ዝናቡ ይነሳል፣ ዝናቡም ያልቃል፣ ከዚያ ቁም ነገሩ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እኔ የገመትኩት አይደለም። እናንተም ሰው ፊታችሁ ቆሞ አፉን ሲከፍት «ገባኝ» ለማለት የምትቸኩሉ ከሆነ፣ ምናልባት የያዛችሁት አየር ነው። ትሑት ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አሁንም ሰው እንቃለሁ፤ ግን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው የምንቀው።

ሥራውን የለቀቅሁ ዕለት ላይኛው ፎቅ ወጥቼ የዶሮንን በር አንኳኳሁ። የምለውን ሁሉ አስቤበት ነበር፤ ስለ እትዬ እማዋይሽ፣ ስለ አባ ፈረደ፣ ስለ ሰረቀኝ ሥዕል፣ በአጠቃላይ ስለ እሱ። እንደ ወጉ ግን በምስጋና ጀመርኩ። «ለሰጠኸኝ ዕድል አመሰግናለሁ፤ እዚህ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ» አልኩት።

ዶሮን ፊቱ በራ። ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ እሱም ከእኔ ጋር በመሥራቱ መደሰቱን ነገረኝ፣ መልካም ዕድል ተመኘልኝ። ከዚያ ተቀምጦ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ቀሪውን ለእሱ ሳልነግረው ወጣሁ። ለእናንተ ግን ይኸው ነገርኳችሁ።